ጫማ ጠባቂዋ

«ፀዳል ደግሞ ጫማ ትጠብቅ!»

የውብዳር ይህን የሰማችው ለምሳ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል ነው። የጅቡቲ ከተማ ሰፈር በሆነው ካርቲየ 3 ውስጥ ግድግዳ ዓይንን ይጋርድ እንደሆነ እንጂ ጆሮን አይጋርድም፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚባለው ከዚህኛው ቤት ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ገና መመለሳቸው ነው። ቦርሳቸውን እንኳ ሳያወርዱ ጠባቧ መንገድ ላይ ተኮልኩለው ለአስር ሰዓቱ ጨዋታ ቡድን ይመዳደባሉ፤ ግማሹ በሶማሊኛ፣ ግማሹ በፈረንሳይኛ፣ ስድቡ ደግሞ በከተማው ያለ ቋንቋ ሁሉ ተዋጥቶበት። ይህችን ነገር ግን አንድ የሹፌር ልጅ ጥርት ባለ አማርኛ ነው የተናገራት። የውብዳር ቢላዋዋን አቁማ ልጇ ምን እንደምትመልስ ጠበቀች። ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ቢያንስ «ለምን?» ትላለች ብላ ነበር። ፀዳል «እሺ» አለች። በቃ፣ እሺ። እንዲያውም ድምጿ ሹመት እንደተሰጠው ሰው ኮራ ያለ ነበር፤ የውብዳርን ከሁሉ በላይ ያንገበገባትም ይኸው ኩራት ነው። ዓይኗ እንባ ሲያቀር በሽንኩርቱ ልታሳብብ አሰበች፤ የምታሳብብለት ሰው ግን ቤት ውስጥ አልነበረም።

ፀዳል መጋረጃውን ገልጣ ስትገባ ፊቷ ላይ ምንም የለም። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጉንጯ ሙሉ፣ ክንዷ ድንቡሽቡሽ ያለ፣ ከበሩ እስከ አልጋው ያለችውን አጭር መንገድ እንኳ ቀስ ብላ፣ ተጠንቅቃ የምትራመድ ልጅ። ቤቷ አንዲት ክፍል ናት፤ በአንድ በኩል አልጋው፣ በሌላ በኩል ፍሪጁና ቴሌቪዥኑ፣ መሀል ላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እየተንገጫገጨ የሚዞር ቬንትሌተር። ፍሪጁ ውስጥ አባቷ ካሣ በከባድ መኪናው ከአዋሽ ማዶ የሚያመጣው ቅቤ በጣሳ ተቀምጧል። ሽንኩርቱም ቲማቲሙም ከኢትዮጵያ ስለሚመጣ ድንበር በተሻገረ ቁጥር ዋጋው አናት ላይ ይወጣል፤ የውብዳር ለራሷ ቀሚስ ስትገዛ ሻጭ እስኪያለቅስ ትከራከራለች እንጂ ለልጇ ጉሮሮ ተከራክራ አታውቅም። ምክንያት አላት። ፀዳል የተወለደችው ቀኗ ሳይደርስ፣ ጅቡቲ እንደ ምድጃ በምትነድበት በሐምሌ ነው። እፍኝ የማትሞላ ነበረች። አዋላጇ ሕፃኗን አይታ ራሷን ስትነቀንቅ የውብዳር አይታለች፤ ያንን ንቅነቃ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም። በማንኪያ ወተት እያንጠባጠበች፣ ከዚያ በገንፎ፣ ከዚያ ቅቤ በፈሰሰበት ሩዝና በፓስታ ሰው አደረገቻት። ካሣ የልጁን ፎቶ አንስቶ ለዘመድ ሲልክ «ውይ ተመችቷታል! የእናቷ እጅ ይባረክ!» የሚል መልስ ይመጣል፤ የውብዳር ያንን መልስ ደጋግማ ታስነብበዋለች። በዚያች ልጅ ላይ ያለው ሥጋ ሁሉ የእሷ ሥራ ነው። ሜዳ ወርዳ፣ ላቧ ነፋስ መትቶት፣ ምች አግኝቷት ይህ ሁሉ ልፋት ውሃ እንዲበላው አትፈልግም። ስለዚህ ወደ ጨዋታው መሄድ ተፈቅዶላታል፣ መሮጥ ግን አልተፈቀደላትም።

«ሁልጊዜ ጫማ ነው እንዴ የምትጠብቂው?» አለቻት ሳህኑን ፊቷ እያስቀመጠች።

«አዎ» አለች ፀዳል ፓስታዋን በሹካ እየጠቀለለች። «አንድም ጠፍቶብኝ አያውቅም።»

ምሳው ሳይነሳ የካሣ እህት አይናለም ገባች። አይናለም የባሕሩ ዳር ሰፈር ውስጥ ከፈረንጆች ቤት እያደረች የምትሠራ ሠራተኛ ናት፤ ሐሙስ ቀትር ላይ ትለቀቅና ዓርብን እዚህ አድራ ውላ ትመለሳለች። ከዚህ በፊት ስትመጣ ሁለቱ ሴቶች የሳምንቱን ወሬ እስኪደክማቸው ነበር የሚያወሩት። ባለፈው ወር ግን አይናለም አንድ ዓርብ ቀን፣ ፀዳል የጎረቤቱን ደረጃ ወጥታ ስታለከልክ አየችና፣ «እትዬ፣ ይቺ ልጅ እኮ ወፈረች። እኔ የማሳድጋቸውን ልጆች በየቀኑ አውጥቼ ነው የማስሮጣቸው፤ አንቺም አውጪያት» አለች። «ተመችቷታል» አላለችም፤ «ወፈረች» ነው ያለችው። የውብዳር ነገሩን፣ ያልወለደች ሴት ስለ ልጅ ምን ታውቃለች ብላ በሆዷ ያዘችው፤ ዓይኗን ጥላባት እንዳይሆን ብላም ልጅቷን ወደ ቤት አስገባቻት። ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው ያለው ንግግር «እንዴት ዋልሽ»፣ «ጨው አቀብዪኝ»፣ «ደህና እደሪ» ብቻ ሆነ። ዛሬም አይናለም ሰላምታዋን ሰጥታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ከሳህኑ ጥግ ጥግ እየቀመሰች በላች። ቬንትሌተሩ ባይንገጫገጭ ሰው ያለበት ቤት አይመስልም ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ የዕለቱ ጫት ከኢትዮጵያ ገባ። ያኔ ከተማው እንደተለመደው ጸጥ አለ፤ ሱቆቹ በራቸውን ወረወሩ፣ ወንዶቹ ወደየፍራሻቸው ተሰበሰቡ፣ እናቶች ልጆቻቸውን «እሽሽ» እያሉ አስተኙ። በዚህ ሰዓት ካርቲየ 3 ውስጥ ኳስ የመታ ልጅ ከአራት ቤት እርግማን ይወርድበታል። ልጆቹ በሙሉ ሆዳቸው ተኝተው፣ ወይ ስልክ ላይ ተደፍተው፣ ነፋሱ እስኪነሳ ይጠብቃሉ። የውብዳር ግን እንቅልፍ እምቢ አላት። «ጫማ ትጠብቅ» የሚለው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ እየተመላለሰ ደሟን አፈላው። ያቺ የአስር ሰዓቱን ጨዋታ የምትመራው የስፖርት መምህርት ናት ጥፋተኛዋ፤ ልጆቹ ሜትሬስ የሚሏት ኢማን። የድሃ ልጅ፣ የስደተኛ ልጅ፣ የሹፌር ልጅ ስለሆነች ነው እንጂ የባለሥልጣን ልጅ ብትሆን ጫማ ጠብቂ ትባል ነበር? ዛሬ ሜዳው ላይ ወርዳ ልክ ልኳን ትነግራታለች። ችግሩ፣ ልክ ልኳን የምትነግርበት ቋንቋ የላትም። የውብዳር በሶማሊኛ ገበያ መግዛት ትችላለች፤ በፈረንሳይኛ ጥሩን «ቦን»፣ እምቢን «ኖን»፣ ምስጋናን «ሜርሲ» ማለት ታውቃለች፤ በእነዚህ ደግሞ ጠብ አይነሳም። ጎረቤቷ ዘቢባ ሁልጊዜ ታስተረጉምላት ነበር፣ ግን ዘቢባ ጫት ቸርቻሪ ናት፤ በዚህ ሰዓት ከመደቧ በክሬን እንጂ በልመና አትነሳም። የቀረችው ሰው አንድ ናት፣ እሷም አልጋው ጫፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተጋድማለች።

«አይናለም።»

«አቤት፣ እትዬ።» አልተኛችም ነበር።

«ፈረንሳይኛሽን ይዘሽ ትከተይኛለሽ?»

አይናለም ወዴት ነው፣ ለምን ነው ሳትል ተነስታ ሻሿን አሰረች።

ሜዳው ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ወዲህ ነው። ሰው አሁን ባቡር የሚሳፈረው ከከተማው ወጣ ብሎ ናጋድ ሄዶ ስለሆነ፣ በዚህ በኩል ያለው ባዶ ቦታ ለፍየሎችና ለልጆች ቀርቷል። የጥር ነፋስ ከባሕሩ ሽው ይላል፤ በዓመቱ ውስጥ ጅቡቲ ሰው ሰው የምትሸትበት ጊዜ ይኼ ነው። አስር ሰዓት ተቃርቧል፤ ፀዳል ቀድማቸው ሄዳለች። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን፣ ግን እንደማይተዋወቁ መንገደኞች መካከላቸውን ከፍተው ተጓዙ። የውብዳር ልትናገር ያሰበችውን ስድብ በልቧ እየደረደረች ስለነበር ዝምታው አልከበዳትም። አይናለም አንድ ጊዜ ብቻ «እትዬ፣ ቀስ በይ፣ ደከመሽ» አለች። የውብዳር «አልደከመኝም» ብላ መለሰች፤ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

ሲደርሱ ሜዳው በጩኸት ተሞልቷል። አንዳንዶቹ ቀበቷቸው ላይ ጨርቅ እንደ ጭራ ሰክተው ይባረራሉ፤ ጭራው የተነጠቀበት ልጅ ገመድ ዘልሎ ነው ተመልሶ የሚገባው። ሌሎቹ በአሮጌ ጎማ ዙሪያ በቅብብል ይሮጣሉ። በስተቀኝ ያሉት ደግሞ በካልሲ የተሠራች ኳስ ይወራወራሉ፤ የተመታ ይወጣል፣ ኳሷን በአየር የቀለባት ግን የወጣ ጓደኛውን ይመልሳል። መሀላቸው ኢማን አለች፤ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ ያሰረች፣ ሸራ ጫማ ያደረገች ረጅም ወጣት፤ ፊሽካዋን እየነፋች ራሷም ትሮጣለች። ከጣቢያው ግንብ ሥር ደግሞ ፀዳል ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ የሰው ሁሉ ነጠላ ጫማ ጥንድ ጥንዱን አሰልፋ፣ ቀጭን እንጨት ይዛ ትጠብቃለች። ዓይኗ ግን ጫማው ላይ አልነበረም። ኳሷ ወደ ግራ ስትሄድ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስትመለስ ወደ ቀኝ ትከተላለች፤ አንድ ልጅ ሊመታ ሲል ትከሻዋን ታዘነብላለች። የውብዳር ይህን ስታይ የደረደረችው ስድብ ሁሉ ተሟሟቀላት።

«ልጄን ለምን ዘበኛ አደረግሻት በያት» አለች ኢማን ፊት እንደቆመች። «ሰው አይደለችም ወይ? እግር የላትም ወይ? በያት።»

አይናለም ተረጎመች። ኢማን አልተቆጣችም። ፊሽካዋን ከአፏ አውጥታ፣ ግራ ገብቷት፣ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች፤ አንድ ጊዜ ወደ ፀዳል፣ አንድ ጊዜ ወደ የውብዳር፣ አንድ ጊዜም ወደ ገዛ ደረቷ እየጠቆመች። አይናለም ስትሰማ ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ኢማን ጨረሰች፤ አይናለም ግን አፏን አልከፈተችም።

«ምን አለች? ንገሪኝ እንጂ!»

«እትዬ...» አለች አይናለም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «የልጅቷ ልብ ላይ ቀዳዳ አለ ብላችሁ የነገራችሁኝ እናንተ ናችሁ ነው የምትለው። ከሮጠች ትሞታለች ተብያለሁ፤ ቤት ብቻዋን ከምትቀር ከልጆቹ ጋር እንድትሆን ብዬ ሥራ ሰጠኋት፣ እንዳያስቸግሯትም ሁሉንም አስጠነቀቅኩ ነው የምትለው።»

የውብዳር ያን ቀን አስታወሰች፤ ረስታው ሳይሆን ቁም ነገር ብላ ሳትይዘው ቀርታ ነው። ትምህርት ሲከፈት የስፖርት ክፍለ ጊዜ መኖሩን ሰምታ ደነገጠችና ዘቢባን ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። «ልጄን ትንሽ ልቧን ይደክማታልና በፀሐይ አያስሩጡብኝ በይልኝ» ነበር ያለቻት። ዘቢባ ደግሞ ነገር ከጀመረች አሳምራ ካልጨረሰች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። በሶማሊኛ ተናገረች፣ ተናገረች፣ እጇን አወናጨፈች፣ ጣቷን አክባ አንዲት ክብ ነገር አሳየች፤ መምህርቷ አፏን በእጇ ያዘች። የውብዳር ነገሩ እሷ ከሰጠችው በላይ መርዘሙን ያኔም ጠርጥራ ነበር። ግን የፈለገችውን ስላገኘች ዝም አለች። የልብ ሕመም የሚባል ነገር ግን በፀዳል ዘንድ አልነበረም፤ በሙቀቱ ወራት ትኩሳት ይዟት ሐኪም ደረቷን ደጋግሞ አዳምጦ፣ «ልቧ ጤነኛ ነው፣ እንዲያውም ትንቀሳቀስ» ብሎ አሰናብቷቸዋል። ያንንም ለካሣ ስትነግር ግማሹን ዋጥ አድርጋዋለች።

ጠብ ልታነሳ መጥታ የምትጣላው ሰው አጣች። አይናለም አሁን የፈለገችውን ማለት ትችል ነበር፤ የወሩ ኩርፊያ ሁሉ እጇ ላይ ነው። የውብዳርም አንገቷን ደፍታ ያንን ጠበቀች። አይናለም ግን አንዲት ክፉ ቃል አልወጣትም። «ምን ብዬ ልመልስላት፣ እትዬ?» ብቻ ነው ያለችው፣ ቀስ ብላ። «ቀዳዳ የሚባል ነገር የለም በያት» አለች የውብዳር አንገቷን እንደደፋች።

«እማዬ፣ ቀዳዳው የለም እንዴ?»

ፀዳል ነበረች። እንጨቷን እንደያዘች ከኋላቸው ቆማለች፤ ጫማዎቹን ትታ ከቦታዋ ስትነሳ ያየ ሰው የለም።

የውብዳር ዞረች። «ስለ ቀዳዳው ማን ነገረሽ?»

«እናንተ ናችኋ። እትዬ ዘቢባ ስትናገር አጠገብሽ ቆሜ ነበር እኮ።»

የዘቢባ ሶማሊኛ በየውብዳር ጆሮ ላይ እንደ ነፋስ ስላለፈ በልጇም ጆሮ ላይ ያለፈ መስሏት ነበር። ይህች ልጅ ሶማሊኛውን ከወተት ጋር የጠጣች፣ ከፈረንሳይኛው ጋር ሸርባ የምትጫወትበት መሆኗን ታውቃለች፤ ያን ዕለት ግን አላሰበችውም። ከአገሯ ወጥታ በሰው ቋንቋ የምትኖር እናት እንዲህ ትሳሳታለች፤ ለእሷ ያልገባት ነገር ለልጇም ያልገባት ይመስላታል።

«እንዳይሰፋ ብዬ ነው የማልሮጠው» አለች ፀዳል፤ ትልቅ ሰው ትልቅ ሰው በሚል ድምፅ። «ደረጃ ስወጣ ሲመታ እቆማለሁ። አባዬ ሲመጣም ዘልዬ አላቅፈውም። አልነገርኩሽም፣ እንዳታለቅሺ ብዬ ነው።»

የውብዳር አሸዋው ላይ ተንበረከከች። ሥጋዋን ስታሳድግላት የኖረችውን ልጅ በፍርሃት ስታሳድጋት መኖሯ አንጀቷን ቆረጠው። ዕድሜ ልኳን አንዲት ነገር ብቻ ነበር የፈራችው፣ ይህች ልጅ እንዳትሞትባት፤ ያንኑ ፍርሃት ሳታውቀው ለልጅቷ አሸክማታለች። «የለም» አለች። «ቀዳዳ የለሽም። ኖሮሽም አያውቅም። እኔ ነኝ የዋሸሁት። ልብሽ ደህና ነው፤ ሐኪሙ ነግሮኛል። እኔ ስለፈራሁ ነው።» ከዚያ ኢማን እንድትሰማ ወደ ልጇ ደረት እየጠቆመች «ቦን! ቦን!» አለች፤ ለቀረው ግን ቃል አጣች። ፀዳል እናቷን ለአፍታ ተመለከተቻት፤ ከዚያ ወደ ኢማን ዞራ ጥርት ባለ ፈረንሳይኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረች።

«ምን አለቻት?» አለች የውብዳር።

«‹እናቴ ዋሽታ ነው፣ ግን ስለምትወደኝ ነው› አለቻት» አለች አይናለም፤ እሷም ዓይኗን ወደ ባሕሩ አዞረች።

ኢማን ልትቆጣ የሚገባት ሰው ነበረች፤ ፊቷም ለአፍታ ጠቆር ብሎ ነበር። ወዲያው ግን ፀዳል አጠገብ ቁጢጥ አለች። በአይናለም አፍ እንዲህ አለች፦ ልጆቹ ሁሉ ጠዋት ወንበር ላይ፣ ቀትር አልጋ ላይ፣ ከዚያ ስልክ ላይ ናቸው፤ ሲጀምሩ ሁሉም ያለከልኩ ነበር። ዛሬ ጥቂት ሮጠሽ ትራመጃለሽ፤ ሲደክምሽ ታርፊያለሽ፤ እሑድ ደግሞ ትንሽ ትጨምሪያለሽ። ማንም አያስቸኩልሽም።

ፀዳል አልተንቀሳቀሰችም። «ከሮጥኩ ግን ይመታል» አለች።

እናቲቱ ምን እንደምታደርግ አላወቀችም። ከዚያ ድንገት ተነሳች፣ ጫማዋን ወረወረች፣ ሰፊ የቤት ቀሚሷን ጉልበቷ ድረስ ሰብስባ ያዘችና ወደ ጎማው ሮጠች። ልጃገረድ ሆና ካቆመች ወዲህ ሮጣ አታውቅም። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ ቀረ፤ ልጆቹ ጨዋታቸውን አቁመው አፏጩ፤ ግንቡ ጥግ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ጉንጫቸውን ጫት እንደወጠረው አዩዋት። ጎማውን ዞራ ስትመለስ ፊቷ በርበሬ መስሏል። የልጇን እጅ ይዛ የገዛ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ስሚ... ስሚው... እንዴት እንደሚመታ...»

ፀዳል ዓይኗን አፍጥጣ አዳመጠች። «አንቺም አሞሻል?»

«አላመመኝም! ሰው ሲሮጥ... እንዲህ ነው... ሁሉም ሰው...» መጨረስ አቅቷት ሳቀች፤ አይናለምም ሳቀች፤ ያ ሳቅ በሁለቱ መካከል አንድ ወር ሙሉ ያልተሰማ ነበር። አይናለም የወደቀውን ነጠላ አራግፋ ትከሻዋ ላይ አለበሰቻት። የውብዳር እጇን ይዛ አስቀረቻት፣ አልለቀቀቻትም።

ፀዳል እንጨቷን መሬት ላይ አስቀመጠች። ጫማዋን አውልቃ ኳስ የሚወራወሩት ልጆች መሀል ገባች፤ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ። ቀኝ መዳፏን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች፤ የሚወድቅ ነገር እንዳለባት። እንደዚያው እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ግራ ሸሸች፣ ቆማ አለከለከች፣ አዳመጠች፣ ደግሞ ወደ ቀኝ ሸሸች። የውብዳር «ቀስ!» ልትል የከፈተችውን አፏን ዘጋችው፤ የአይናለምን እጅ ግን ጨመቀችው። ከቡድኗ የቀሩት ሁሉ ተመትተው ወጥተው ኖሮ «ፀዳል! ፀዳል! ቅለቢያት!» ብለው ጮኹ፤ ከነዚያ መሀል ቀትር ላይ «ጫማ ትጠብቅ» ያለው የሹፌር ልጅም አለ። ኳሷ ከፍ ብላ መጣች። ፀዳል ቀና አለች። በአንድ እጅ የሚቀለብ አልነበረም፤ ሁለቱንም እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች። ኳሷ ጣቶቿን ነክታ አምልጣት ወደቀች፤ ልጆቹ «እህ!» አሉ። ፀዳል ግን ጎንበስ ብላ አነሳቻት፤ መዳፏን ወደ ደረቷ መመለሱን ረስታው፣ ኳሷን በሁለት እጇ እንደያዘች ሮጠች።